የሰባት ቤት ቆጠራና የአዋሽዋ ሴትዮ

በመካነ ሰላም ከተማ፣ ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ እንዳለው ከእኔ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበረ የሚላችሁ ቢኖር አትመኑት። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ባሕር ሳላይ፣ ኦክቶፐስ ሳላይ፣ የአስኳላ ደጃፍ ሳልረግጥ አመጣሁት። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያስተማረኝ ስኳር ነው። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ስኳሩንም ጨውንም የሚጠቀልለው ከደሴ በሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ሌላው ሰው ስኳሩን ገልብጦ ወረቀቱን ይጥላል። እኔ ግን ወረቀቱ እንዲኖረኝ ብዬ ስኳር እገዛ ነበር። ባለቤቴ ዘርፌ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የሰውን ባል ጠጅ ያሰክረዋል፤ የእኔን መጠቅለያ ያሰክረዋል» ትል ነበር።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የስፌት መኪናዬን ከገበያው ዳር ካለ በረንዳ ላይ ተክዬ፣ ትራንዚስተር ሬዲዮዬን ከጎኔ አድርጌ፣ በእግሬ እየረገጥኩ በጆሮዬ እማር ነበር። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ሱሪውን ብቻ ይዞ አይሄድም። የግመል ሻኛ ውሃ ሳይሆን ጮማ መሆኑን፣ ንጹሕ ማር ለብዙ ዘመን ቢቀመጥ እንደማይበላሽ፣ ጨረቃ ላይ የረገጡት ሰዎች ዱካ ነፋስ ስለሌለ እስከ ዛሬ እንዳለ ተምሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ሱሪውን ትቶ የሄደም አለ።

ችግሩ ዕውቀት ሰዓት አይመርጥም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ከሰው ገላ ከግማሹ በላይ ውሃ መሆኑን ተናግሬ አውቃለሁ። ዓመቱ የድርቅ ነበር። ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ፣ «ታዲያ ለምንድን ነው የሚጠማን?» አለችኝ። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ማስረዳት ጀመርኩ፤ በጎን በኩል አውጥተው ሸኙኝ።

ድርቁን ካነሣሁት ላይቀር የእኅቴን ልጅ የይመርን ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሱ ነውና።

ንጉሡ ሊወርዱ ዓመት ሲቀራቸው ነው። እኛ ዘንድ ደጋው እያቃሰተም ቢሆን ትንሽ ገብስ ሰጥቶ ነበር። እኅቴ ያገባችው ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው አፋፍ ነበርና እነሱን ዝናቡ ከነጭራሹ ረሳቸው። ቤተሰቡ እህል ፍለጋ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ደጅ የደረሰው ይመር ብቻ ነው። እናቱን፣ አባቱን፣ የአባቱን አባት መንገድ ላይ ቀብሯል። ይህን የነገረን ከደረሰ ከብዙ ቀን በኋላ፣ ዘርፌ ቁራሽ ስታቀርብለት ነው፤ ነግሮን ሲያበቃ ቁራሹን ለሦስት ከፍሎ ለእኔም ለእሷም ሰጠን። በሰው ፊት ብቻውን መብላት አልቻለም ነበር።

አገገመ። መተኮስና ቁልፍ መትከል አስተማርኩት፤ ከእኔ የተሻለ ጨዋ እጅ ነበረው። ዓመት ሲሞላው ደግሞ አንዲት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ልታስጠግን መጣች። የሺ ትባላለች፤ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩት የጋሽ አራጋው ልጅ ናት። ያቺ ቀሚስ ያልተቀደደችበት ሳምንት አልነበረም። እኔ የጨርቁ ጥራት ነው ብዬ ነጋዴውን ስሰድብ ከረምኩ። ዘርፌ ናት የነገረችኝ።

«ልጅቱ ናት የምትቀድደው።»

«ለምን?»

«አንተ እኮ የኦክቶፐስን ልብ እንጂ የሰውን አታውቅም!»

ንጉሡ በወረዱ ዓመት፣ ኅዳር ላይ ይመር እግሬ ሥር ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ሚስት ብቻ አይደለም፤ የእነሱ ቤት ሰው ይበዛበታል» አለኝ። ሰባት ወንድሞች፣ አጎቶች፣ አክስቶች፤ በበዓል ቀን መቀመጫ የሚጠፋበት ቤት ነው። ነገሩ ገባኝ።

ዘርፌ ሌላ ሰው እንድልክ ለመነችኝ። «አንተ እቤት ሁን፤ መጠቅለያህን አንብብ» አለች። እኔ ግን በእኛው በወሎ ቦረና ምድር ከእኔ የተሻለ አንደበት ያለው ሰው አለ የሚል ካለ ይምጣ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ሽማግሌ ጨመርኩ። አንዱ ሼህ ሙሄ ናቸው፤ እስላም ክርስቲያኑ የሚያከብራቸው፣ ለማስታረቅ የተፈጠሩ ሰው። ሁለተኛው ጆሯቸው ፈጽሞ የማይሰማ አንድ አሮጌ ቄስ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን አማረልን። በማለዳ ሄደን ደጅ ቆምን፤ ግቡ ቢሉን «የመጣንበትን ሳንናገር አንገባም» አልን፤ ጋሽ አራጋውም እንደ ደንቡ «ከዘመድ ልምከር» ብለው ቀጠሮ ሰጡን። የሁለተኛው ቀን የሰባት ቤት ቆጠራ ነው። የሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያት ሰባት ትውልድ ድረስ ተጠርቶ፣ የትም ካልተገናኙ ጋብቻው ይጸናል፤ ከተገናኙ ግን ዘመድ ዘመዱን አያገባምና ሁሉም ወደ ቤቱ ነው።

በቀጠሮው ዋዜማ ሬዲዮው ያን ነገር ተናገረ። ባትሪው ደክሞ ነበር፤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁት። እስከ ዛሬ ባትሪው ያን ቀን ባለቀ ኖሮ እላለሁ።

በማግሥቱ ጋሽ አራጋው ግቢ ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። የየሺ ወገን በአባትም በእናትም ሰባቱ ቤት እንደ ዳዊት ፈሰሰ። ተራው የእኔ ሆነ። በእኅቴ በኩል ያለውን አንበለበልኩት። በይመር አባት በኩል ግን አምስተኛው ቤት ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት የይመር አያት ነበሩ።

ጋሽ አራጋው መሬቱን በዘንጋቸው ጫር ጫር አደረጉና፣ «ልጁ ከየት አምጥቶ ይቁጠር?» አሉ። «ቆጣሪዎቹን መንገድ በላቸው። የቀረውን እግዜር ይቁጠረው። እኔ በበኩሌ ሰው መሆኑን አይቼበታለሁ።» ወደ ቤት ዞረውም «ኧረ ጠላ አምጡ!» ብለው ተጣሩ።

ጠላ አምጡ ማለት ልጄን ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ሼህ ሙሄ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እሳቸው እንኳ ጠላ አይጠጡም። ያለቀ ነገር ነበር። ዋንጫዬን ይዤ ዝም ብል ዛሬ የይመርንና የየሺን የልጅ ልጆች እዚህ በረንዳ ላይ ቁልፍ እያስተማርኳቸው ነበር።

እኔ ግን ሰውዬውን ላጽናና ፈለግሁ። ሁለት ቤት ጎደለ ብለው ሌሊት እንዳይጨነቁ።

«ጋሽ አራጋው፣ ስለ ሁለቱ ቤት ሐሳብ አይግባዎት» አልኩ። «ቆጠራው ራሱ ትርፍ ነገር ነው። ሁላችንም ዘመዳሞች ነን።»

ዋንጫቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «እንዴት?»

«ሬዲዮ ተናግሯል። እዚሁ በእኛው ጠቅላይ ግዛት፣ አዋሽ በረሃ ውስጥ፣ የአንዲት ሴት አጥንት ተገኝቷል። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነው። የሰው ዘር ሁሉ እንደ እሷ ካሉት ነው የወረደው። እርስዎም፣ እኔም፣ የሺም፣ ይመርም።»

«የሺና ይመር ዘመዳሞች ናቸው እያልክ ነው?»

«አዎን!» አልኩ በደስታ። እንዲህ ቶሎ የገባው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ አራጋው፣ ይኼ ሰውዬ ሊል የፈለገው ሁላችንም የአደም ልጆች ነን ነው። ይኼ በእናንተም ዘንድ በእኛም ዘንድ ያለ ነው።»

«እሱማ ልክ ነዎት ሼህዬ፤ እንዲያ ቢለኝ መች ጠላሁ» አሉ ጋሽ አራጋው፤ ዋንጫውም እንደገና ወደ አፋቸው አመራ።

እዚህ ላይ ደግሞ ከላይ የተላከ ዕድል ነበር። ሰው ዕድል ሁለቴ ሲሰጠው እንዴት ሁለቴ ይረግጠዋል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ትክክለኛ ነገር ሲጣመም ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም።

«አይደለም!» አልኩ። «ሼሁ አላገኙትም። ይቺ ሴትዮ ሌላ ናት። ቁመቷ የትንሽ ልጅ ያህል ነው፤ እጇ ረጅም፣ ግንባሯ ወደ ኋላ የሄደ፤ ነገር ግን በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ የምትራመድ...»

«ጦጣ ናታ!» አሉ ጋሽ አራጋው።

«ጦጣ እንኳ አይደለችም። ወደ ጦጣው ትንሽ ጠጋ...»

«ያ ረቢ፣ ምላሱን ያዝልኝ» አሉ ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን እየጨበጡ።

ጋሽ አራጋው ዋንጫውን ሳይቀምሱ መሬት አስቀመጡት። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «አንተ ልብስ ሰፊ» አሉኝ፤ «የእኅትህ ባል ቅድመ አያት አያት ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«የሦስት ሚሊዮን ዓመቷን ሴትዮ ግን ታውቃለህ።»

እኔም «በሚገባ እንጂ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ገባኝ» አሉ። «አሁን ገባኝ። አንተ የመጣኸው ልጅ ልትጠይቅ አይደለም፤ ርስት ልትቆጥር ነው!» ለዛሬ ልጆች ልንገራቸው፤ በዚያን ጊዜ በአገራችን መሬት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነው። እከሌ አያቴ ነው ብሎ ያስረዳ ከእከሌ ርስት ይካፈላል። ጋሽ አራጋው ደግሞ ከማሻ በኩል መጥተው «ቅድመ አያታችን አንድ ነው» ካሏቸው ሰዎች ጋር ለብዙ ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ጫማ ጨርሰዋል። እኔ ያመጣሁት ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ የሚካፈልበትን ቅድመ አያት ነው። ከግቢያቸው ጎመን እንኳ አይተርፋቸውም።

ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኛም ተነሣን። ያን ጊዜ ምንም ያልሰሙት ቄስ፣ ሰው ሁሉ መቆሙን አይተው፣ ጋብቻው የጸና መሰላቸውና ቆመው «ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» እያሉ መባረክ ጀመሩ። ሼህ ሙሄ በክንዳቸው ይዘው እስኪያወጧቸው ድረስ አላቆሙም።

ዘርፌና ይመር ቤታችን በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ይመር አዲስ እጀ ጠባብ ለብሷል፤ ራሱ የሰፋው ነው። ዘርፌ ፊቴን አየችና ጋብቻውን አልጠየቀችኝም።

«ግመሉን ነው ኦክቶፐሱን?» አለችኝ።

«ሌላ ነው፤ አዲስ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አንዱ ቁምጣውን ይዞ ይመጣል፤ «እንዴት አደርክ ዘመዴ፤ በዘመድ ዋጋ ጠግንልኝ።» ሌላው ይከተላል፤ «ያቺ አያታችን ደህና ናት?» ከከላላ በቅሎ ጭኖ የመጣ፣ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ነጋዴ፣ «ቤተ ዘመድ እያለ ሆቴል አላድርም» ብሎ ከነበቅሎው ቤቴ አደረ። በቅሎዋ የዘርፌን ጎመን ጨረሰች። እንቢ እንዳልል የገዛ ቃሌ አለብኝ። ይመር ግን በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ ይተክላል። የሺ ቀሚስ ይዛ መምጣት አቆመች።

ሼህ ሙሄ አላስቻላቸውም። ብቻቸውን ሄደው ከጋሽ አራጋው ጋር ሦስት ጊዜ ተቀመጡና አንድ ቃል ይዘው መጡ። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። «ሰውዬው በልጁ አልጨከነም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰው ፊት፣ ያቺ ሴትዮ ውሸት ናት ብለህ ተናገር። ያን ጊዜ ርስት የሚቆጥርባቸው የለም፤ ልጅቷን ይሰጣሉ።»

«ውሸት ግን አይደለችም እኮ ሼህዬ።»

«እኔ ውሸት ናት አልኩህ? ውሸት ናት በል ነው ያልኩህ!»

ያን ሳምንት ዘርፌ አስጠናችኝ። ማታ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «በል» ትላለች። «ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው» እላለሁ። «ጨረስክ?» «ጨረስኩ።» «ምንም አትጨምር።» «ምንም አልጨምርም።» ይመር ከጥግ ሆኖ ይሰማል። ዓርብ ማታ ሲስቅ ሰማሁት፤ ቤታችን ከገባ ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ደረሰ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ አራጋው ከፊት ቆመዋል፤ የሺ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ቆማለች፤ ሼህ ሙሄ ከአጥሩ ውጭ ሆነው በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። እኔም ወጥቼ ቆምኩና፣ «ወገኖቼ፣ ስለ አዋሽዋ ሴትዮ የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነው» አልኩ። በጥራት፣ ሳልንተባተብ። ጋሽ አራጋው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘርፌ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን» ስትል አየኋት።

አለቀ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ለዕድገት በኅብረት የዘመቱት ተማሪዎች ከተማችን ገብተው ነበር። ካኪ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ዘማች ከኋላ እጁን አወጣና፣ «ይቅርታ ጓድ፣ ምኑ ነው ውሸት?» አለ። «እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የተናገሩት ሁሉ ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። እንዲያውም በዚህ ከተማ ይህን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ይገርማል!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ከመጠቅለያ የለቀምኩትን ሰው ሲስቅበት ኖሯል። ቀለም የጠገበ ሰው፣ ያውም በአደባባይ፣ «ልክ ነህ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻውም እሱ ሆነ። ከውስጤ አንድ ነገር ተነሣ። በጥርሴ ያዝኩት፤ የዘርፌን ዓይን አየሁ፤ የይመርን ዓይን አየሁ።

«አላልኳችሁም!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። የሴትዮዋን አረማመድ በእግሬ እየሄድኩ ሳሳይ እንደነበር ዘርፌ ነግራኛለች። እኔ የማስታውሰው ጋሽ አራጋው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲሄዱና የሺ ወደ ኋላ እየዞረች ስትከተላቸው ነው።

በጥር መጨረሻ የሺን ለከላላ ሰው ዳሯት። ሰባቱ ቤት አንድም ሳይጎድል ተቆጠረ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ያው ሬዲዮዬ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ብሎ አወጀ። የርስት ክርክሩም፣ ቆጠራውም፣ የማሻዎቹም ሰዎች አብረው ቀሩ። ጋሽ አራጋው የፈሩት ነገር በአንድ ጀምበር እንዳልነበረ ሆነ። ጥቂት ሳምንት ብታገሥ፣ ወይም እሳቸው ጥቂት ሳምንት ቢታገሡ ብዬ አስቤ አላበቃሁም።

ይመር ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ልሸኘው ወጣሁ። አልተቆጣኝም፤ ያስቀየምኩት አይመስልም ነበር። እጄን ስሞ፣ «ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አምኜዎታለሁ» አለኝ። መኪናው ሲነሣ ከላይ ሆኖ፣ «ግን እስቲ ከነዚያ ሁሉ ዘመዶቼ አንዱን ደሴ ላይ ያሳዩኝ» አለ፤ ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። እኔ በዚያ ፈገግታ ምክንያት የሠራሁትን ሱሪ ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ሰፋሁ።

ዘመን አለፈ። ሴትዮዋም በዓለም ታወቀች፤ ድንቅነሽ አሏት፤ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሯታል። በመካነ ሰላም ግን ቀድሞ የተናገረላት ማን እንደሆነ የጻፈ የለም፤ እኔ ካልጻፍኩት።

ዘርፌ ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ከጋሽ አራጋው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ከታረቅን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ እሳቸው አሁን ዓይናቸው አያይም። ይመር ሽበቱን ይዞ ከደሴ መጥቷል፤ እንግዳ ያስቀምጣል። እኩለ ቀን ገደማ የሺ ከከላላ ከባሏ ጋር ደረሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ቀና ብላ ከይመር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በድንኳኑ ውስጥ ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ ወደ መሬት አየ።

እሷ ናት የቀደመችው። ጉንጭ ለጉንጭ ሳመችው፤ ሰው አጎቱን ወይም የአክስቱን ልጅ እንደሚስመው። «እንዴት ነህ ወንድሜ?» አለችው።

«ደህና ነኝ እኅቴ። ልጆችሽ አደጉ?»

«አድገዋል። የአንተስ?»

«ይመስገነው።»

ቦታ አሳያት፤ ሄዳ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ጋሽ አራጋው ጆሯቸውን ወደዚያ አዘንብለው ነበር።

«የሺ ናት?» አሉኝ።

«አዎን።»

«ያስ፣ የአንተ ይመር ነው?»

«እሱ ነው።»

«ወንድሜ አለችው?»

«አለችው።»

ጉልበቴን በእጃቸው ፈልገው አገኙና ጫን አደረጉት። «ይኸው» አሉ፤ «ዘመድ አደረግናቸው።»